ቡናማ ሁሉ የፈረንጅ፣ ነጭ ሁሉ የሐበሻ አይደለም፦ ከደሴ ጓሮዬ የተማርኩት

ለፋሲካ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጎረቤታችን እማማ እንቁላል ሊገዙ መጡ። ሰፌድ ላይ 25 እንቁላል ዘርግቼ አቀረብኩላቸው። ነጭ ነጩን አንድ በአንድ ለቀሙ። ቡናማውን በእጃቸው ወደ ዳር ገፋ ገፋ አደረጉትና «ይሄ የፈረንጅ ነው ልጄ። እኔ የሐበሻውን ነው የምፈልገው» አሉኝ።

እኔ ደግሞ እያንዳንዱን እንቁላል የትኛዋ ዶሮ እንደጣለችው አውቃለሁ። እማማ «የሐበሻ» ብለው ከመረጧቸው 11 ነጫጭ እንቁላሎች ውስጥ 9ኙ የኋይት ሌግሆርን ናቸው። ኋይት ሌግሆርን ዘሯ ከጣሊያን ነው። ወደ ዳር ከገፏቸው ቡናማዎች መካከል ደግሞ 3ቱን የጣለችው ከኩታበር ገጠር ያመጣኋት የሐበሻ ዶሮዬ ናት።

ያን ዕለት ምንም አላልኳቸውም። በዓል ነው፤ ቸኩለዋል። ግን ነገሩ ከልቤ አልወጣም። ደሴ ውስጥ እንቁላል ስሸጥም ስገዛም የምሰማው ይህንኑ ነው። ቡናማ ከሆነ የፈረንጅ፣ ነጭ ከሆነ የሐበሻ። እኔም ብዙ ጊዜ እንደዚያው አስብ ነበር፤ አንድ ጊዜም ዋጋ አስከፍሎኛል። ጓሮው ውስጥ ዶሮ ለሚያረባ ወይም ሊጀምር ላሰበ ሰው ይጠቅማል ብዬ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ቤታችን ደሴ ውስጥ ሆጤ የሚባለው ሰፈር አካባቢ ነው። ጓሮው ጠባብ ነው። ድሮ የነበሩኝ ዶሮዎች ሁሉም የሐበሻ ነበሩ፤ ከእናቴ ቤት የመጡ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ የዶሮ ቤቱን በር ከፍተንላቸው፣ የእኛን ቤት ቆልፈን ወጣን። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ጓሮው ውስጥ ላባ እንጂ ዶሮ አልነበረም። ሁለት ዓመት ያሳደግኳቸው ነበሩ። አሁንም ሳስበው ይከፋኛል።

እንደገና ስጀምር ዝርያ መምረጥ አልቻልኩም። የተገኘውን ነው የሰበሰብኩት። ሁለት ኋይት ሌግሆርን ከተማ ሊለቅ ከነበረ ሰው ገዛሁ። ሦስት ቦቫንስ ብራውን ቄቦች ከአንድ አሳዳጊ አገኘሁ። ሁለት ኩኩክ እህቴ ከኮምቦልቻ ላከችልኝ። አንዲት ሳሶ ጨመርኩ። የሐበሻዎቹን ደግሞ አንድ አንድ እያልኩ ከኩታበርና ከሐይቅ መንገድ ገዛሁ፤ አራት ሆኑ። እንዲህ በአጋጣሚ የተሰባሰቡ ዶሮዎች ናቸው ስለ ቅርፊት ቀለም ያስተማሩኝ። አንድ ዓይነት መኖ ይበላሉ፣ አንድ ቆጥ ላይ ያድራሉ፣ አንድ ውሃ ይጠጣሉ። እንቁላላቸው ግን ለየቅል ነው።

ማን ምን እንደጣለ ለማወቅ መጀመሪያ ተቸግሬ ነበር። ብዙዎቹ የሚጥሉት ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት በማይሄዱበት ጊዜ ሥራ ሰጠኋቸው። በእያንዳንዷ ዶሮ እግር ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ክር አሰርን። ሳጥኑ ውስጥ የገባችውን እያዩ፣ ስትወጣ እንቁላሉን ወስደው በእርሳስ ምልክት ያደርጉበታል። ከዚያ ደብተር ላይ ይጻፋል። ሁለት ሳምንት በቂ ነበር። ከዚያ በኋላ እንቁላሉን አይተን ባለቤቷን ለመናገር ደብተሩ አላስፈለገንም። አንድ ዶሮ የራሷ ቀለም አላት፤ ትንሽ ይደምቃል፣ ትንሽ ይፈዝዛል እንጂ ዛሬ ነጭ፣ ነገ ቡናማ አትጥልም።

ሌግሆርኖቹ የሚጥሉት ኖራ የመሰለ ንጹህ ነጭ ነው። ቦቫንስ ብራውኖቹ ጠቆር ያለ ቡናማ ይጥላሉ። ይህች ዶሮ በሆላንድ አርቢዎች የተሠራች እንቁላል ጣይ ናት፤ ቡናማ እንቁላል ጣይ የሆኑት የእርባታ ዶሮዎች በአብዛኛው ሮድ አይላንድ ሬድ የሚባለው ቀይ ዶሮ ደም አለባቸው። ሳሶዋ ከፈረንሳይ የመጣች ዝርያ ናት፤ የእሷ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው።

ኩኩኮቹ ለእኔ ከሁሉም ይገርሙኛል። ላባቸው ነጭና ጥቁር የተዥጎረጎረ ነው። እኛ ብናያቸው «ገብስማ» ነው የምንላቸው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፖቸፍስትሩም በምትባል ከተማ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ የተዳቀሉ ናቸው። ከወላጆቻቸው አንዱ ጥቁሩ አውስትራሎርፕ ነው፤ ቡናማ ይጥላል። ሌላው ነጭ የሚጥለው ሌግሆርን ነው። የልጆቹ እንቁላል ቡናማ ሆኖ ከቦቫንስ ይልቅ ቀለል ያለ ነው። የላባውን ቀለም አይቶ እንቁላሉን መገመት እንደማይቻል የገባኝ በኩኩኮቹ ነው። ነጭ ላባ ኖሯቸው ቡናማ የሚጥሉ ዝርያዎችም በዓለም ላይ አሉ።

የሐበሻዎቹስ? አራቱ አራት ዓይነት ናቸው። የቀይዋ እንቁላል ነጭ ማለት ይቻላል። ወሰራዋ የቅቤ መልክ ያለው ትጥላለች። ጥቁሯ ሻይ በወተት የመሰለ። የኩታበሯ ደግሞ ጥርት ያለ ቡናማ ነው፤ ከኩኩኮቹ ጋር ቢቀላቀል በመጠኑ ካልሆነ በቀለሙ አይለይም። ይህም ምክንያት አለው። እኛ «የሐበሻ ዶሮ» ብለን በአንድ ስም እንጠራለን እንጂ የሐበሻ ዶሮ አንድ ዝርያ አይደለም። እንደ ሌግሆርን በአንድ ቀለም፣ በአንድ መጠን ተመርጦ የተረባ አይደለም። በየቀዬው እንደተገኘ የተዳቀለ ነው። በዚያ ላይ ከውጭ የመጡ አውራዎችና ቄቦች ለአሥርተ ዓመታት በየገጠሩ ሲታደሉ ኖረዋል። በእኛ አካባቢም ቀዩ ሮድ አይላንድ ሬድ በየገበሬው ደጅ ሲታይ የቆየ ዶሮ ነው። የዛሬዋ የገጠር ዶሮ አያቷ ማን እንደነበረ በምን ይታወቃል?

አንድ ዘመዴ የነገረኝ ዘዴም ነበር። የዶሮዋን ጆሮ እይ ይላል። ጆሮዋ ሥር የምትንጠለጠለው ሥጋ ነጭ ከሆነች እንቁላሏ ነጭ፣ ቀይ ከሆነች ቡናማ ነው። ሄጄ አየሁ። ሌግሆርኖቹ ላይ ልክ ነው፣ ነጭ ጆሮ፣ ነጭ እንቁላል። ቦቫንሶቹም ቀይ ጆሮ፣ ቡናማ እንቁላል። የሐበሻዎቹ ላይ ግን ግማሹ ልክ መጣ፣ ግማሹ ተምታታ። ወሰራዋ ጆሮዋ ላይ ነጭም ቀይም አለባት! ስለዚህ ዘዴው ተመርጠው ለተረቡ ዝርያዎች በአብዛኛው ይሠራል። ለቅይጥ ዶሮ ግን አትመኑበት።

ቀለሙ ከየት እንደሚመጣ ስረዳ ብዙ ነገር ጠራልኝ። አንድ እንቁላል ዶሮዋ ሆድ ውስጥ ተሠርቶ ለመውጣት 25 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከዚህ ውስጥ 20 ሰዓት የሚሆነው ቅርፊቱ የሚሠራበት ነው። ቅርፊቱ በአብዛኛው ኖራ ነው፣ ካልሲየም ካርቦኔት። ኖራ ደግሞ ነጭ ነው። ስለዚህ ነጭ ጣይም ሆነች ቡናማ ጣይ፣ የዶሮዋ እንቁላል ሲጀመር ነጭ ነው። ቡናማ የምትጥል ዶሮ ከሆነች በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ላይ ፕሮቶፖርፊሪን የሚባል ቀለም ከላይ ትቀባዋለች። ይህ ቀለም ደማችንን ቀይ ከሚያደርገው ነገር ጋር ቤተ ዘመድ ነው። ነጭ የምትጥለዋ ሳትቀባው ትጥለዋለች ማለት ይቻላል። መቀባት አለመቀባቷን፣ ምን ያህል እንደምትቀባም የሚወስነው ዘሯ ነው።

ይህን በቤታችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ቡናማ እንቁላል ስትሰብሩ የቅርፊቱን ውስጥ ተመልከቱ፤ ነጭ ነው። ከልጆቼ ጋር ደግሞ አንድ ቡናማ እንቁላል ብርጭቆ ውስጥ አድርገን አቼቶ ሞላንበት። አረፋ ያዘ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ በጣታችን ስናሸው ቡናማው እንደ ቀለም ቅብ እየተላጠ ለቀቀ፤ ከሥሩ ነጭ ወጣ። ልጄ «እናቴ፣ ቀለም ቀብተውት ነው እንዴ!» አለች። አዎ፣ የቀባችውም ዶሮዋ ራሷ ናት። ወንድሜ ሱቅ አለው፤ የሐሰት ብር የሚለይበት ሐምራዊ መብራትም አለው። አንድ ማታ ቡናማውን እንቁላል ጨለማ ውስጥ ከመብራቱ ሥር ብናደርገው ቀይ ፍም መስሎ በራ። ያ ፕሮቶፖርፊሪኑ ነው።

ውጭ አገር ያለች የአጎቴ ልጅ ሰማያዊ እንቁላል በፎቶ ልካልኝ ነበር። ያቀለሙት መስሎኝ ነበር። እውነተኛ ነው። ቺሊ ውስጥ አራውካና የምትባል ዶሮ አለች፤ ሰማያዊ ትጥላለች። የእሷ ቀለም ቢሊቨርዲን ይባላል፤ ከላይ የተቀባ ሳይሆን ቅርፊቱ ውስጥ ድረስ ስለሚገባ ውስጡም ሰማያዊ ነው። በፈረንጆቹ 2013 ተመራማሪዎች ምክንያቱን አገኙ። ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ቫይረስ ዶሮዎቹ ዘር ውስጥ ገብቶ ቀርቶ ነው። ሰማያዊው ላይ ቡናማ ከተቀባበት አረንጓዴ ይሆናል። እኛ ጋ በገበያ አይቼ አላውቅም።

አሁን ዋጋ ያስከፈለኝን ነገር ልንገራችሁ። በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ጥቁሯ የሐበሻ ዶሮዬ ማቀፍ ፈለገች። ከሳጥኑ አልወጣም አለች። እጄን ሳስገባ ላባዋን ነፍታ ትቆጣለች። ሌግሆርኖቹና ቦቫንሶቹ እንዲህ አያደርጉም፤ የማቀፍ ጠባያቸው በእርባታ ጠፍቷል። ስለዚህ ጫጩት ከፈለግሁ ተስፋዬ እሷ ብቻ ናት። ያን ጊዜ አውራ አልነበረኝም። የሐበሻ እንቁላል ከገበያ ገዝቼ ላሳቅፋት ወሰንኩ።

ሰኞ ገበያ ሄድኩ። አንድ ነጋዴ «ዛሬ ከገጠር የገባ ነው» ብሎ ትናንሽ እንቁላሎች አሳየኝ። የሐበሻ እንቁላል ትንሽ ነው፤ 40 ግራም ቢመዝን ነው። የእነዚህም መጠናቸው ልክ ነው። ሁሉም ግን ቡናማ ናቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ቡናማ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ። እኔ ደግሞ «እንዴት ያምራሉ» ብዬ 12 መርጬ ገዛሁ። ማመር የለባቸውም ነበር!

በ7ኛው ቀን ማታ በስልክ መብራት አየኋቸው። ቡናማ ቅርፊት እንደ ነጩ ብርሃን በደንብ አያሳልፍም። እርግጠኛ ስላልሆንኩ እስከ 10ኛው ቀን ጠበቅሁ። ያኔ ጥርት ብሎ ታየኝ። በ12ቱም ውስጥ አንዲት የደም ሥር የለችም። ግን ልቤ እምቢ አለኝ፤ አልነሣኋቸውም። 21ኛው ቀን መጣ፣ አለፈ። በ24ኛው ቀን አንዱ ፈንድቶ ጓሮው በሙሉ ገማ። ምስኪኗ ዶሮ በቀን አንዴ ብቻ እየወጣች፣ ጥቂት እየቀመሰች ሦስት ሳምንት ከቆየች በኋላ ስትነሣ ደረቷ አጥንት ሆኖ ነበር። በጣም አዘንኩባት።

አንድ የዶሮ ባለሙያ ነው ያስረዳኝ። እንቁላሎቹ የሐበሻ አልነበሩም። መጣል ከጀመሩ ጥቂት ሳምንት የሆናቸው የእርባታ ቄቦች እንቁላል ናቸው። እነዚህ ቄቦች በ5 ወር ገደማ መጣል ሲጀምሩ እንቁላላቸው ትንሽ ነው፤ እያደር ነው የሚያድገው። እንቁላል ለመብል በሚያመርት እርባታ ውስጥ ደግሞ አውራ አይገባም። ዶሮ ያለ አውራ ትጥላለች፤ እንቁላሉ ግን ዘር የለውም። መቶ ቀን ቢታቀፍ ጫጩት አይሆንም።

ያን ጊዜ የቀለም ነገር ሌላ ትርጉም ሰጠኝ። እውነተኛ የገጠር እንቁላል አንድ ሰው ከአምስትና ከስድስት ቤት የሰበሰበው ነው። በየቤቱ ያሉት ሴት ዶሮዎች ደግሞ የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ የገጠር ቅርጫት ቅይጥ ነው፣ አንዱ ነጣ ያለ፣ አንዱ ቅቤ መልክ፣ አንዱ ሻይ በወተት፣ አንዱ ሞላላ፣ አንዱ ክብ። አንድ ካርቶን ሙሉ እንቁላል በፋብሪካ የተቀባ ይመስል አንድ መልክ ከሆነ፣ ነጭም ይሁን ቡናማ፣ የመጣው ከአንድ እርባታ ነው። እኔ አሁን ለመታቀፍ ስገዛ የማየው ይህንን መቀያየጥ ነው። ለመብል ከሆነ የእርባታውም ቢሆን ምንም ችግር የለበትም።

መቀያየጡ ብቻውን ግን አይበቃም። ሻጩን አውራ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከገዛችሁት ውስጥ አንድ ሁለቱን ሳህን ላይ ስበሩ። አስኳሉ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ አለች። ዘር ካለው ነጥቧ ዙሪያዋ ቀለበት ሠርታ ክብ ትሆናለች። ዘር ከሌለው ቀለበት የሌላት ድፍን ጠብታ ብቻ ናት። የሰበራችሁትን መጥበስ ነው፤ አይባክንም።

በሚቀጥለው ጊዜ አውራ ገዛሁ። ኩኩክ አውራ ነው። ጥቁሯን ከወሰራዋና ከቀይዋ እንቁላል 10 አሳቀፍኳት፤ 8 ፈለፈለች። ሴቶቹ አምስት ሆኑ። እኔ እናቶቻቸው ነጣ ያለ ስለሚጥሉ ልጆቹም እንደ እናታቸው ይሆናሉ ብዬ ነበር። አልሆኑም። ከአምስቱ አራቱ ከእናታቸው የጠቆረ፣ ከኩኩክ የቀለለ ቡናማ ጣሉ። አውራ እንቁላል አይጥልም፤ የእናቱንና የአያቱን የእንቁላል ቀለም ግን ለሴት ልጆቹ ያወርሳል። ቡናማውን የሚያመጡት ከወላጅ የሚወረሱ ጂኖች ደግሞ ብዙ ናቸው፤ አንድ ብቻ አይደለም። ለዚህ ነው ልጆቹ መካከል ላይ የሚወድቁት፣ እህትማማቾችም የሚለያዩት። ጓሮአችሁ ውስጥ የእንቁላሉ መልክ እንዲለወጥ ወይም እንዳይለወጥ የምትፈልጉ ከሆነ አውራውን ስትገዙ የእናቱ እንቁላል ምን ዓይነት እንደነበር ጠይቁ።

ብዙ ጊዜ የምጠየቀው «ቡናማ ለማስጣል ምን ላብላት?» ነው። ምንም። በቆሎ፣ ስንዴ፣ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ የፈለጋችሁትን ብትሰጧት ነጭ ጣይዋ ነጭ ትጥላለች። በመኖ የሚለወጠው ቀለም አስኳሉ ነው። እዚህ ላይ ነው ሰዉ የሚሳሳተው። የሐበሻ እንቁላል የሚወደድበት አንዱ ምክንያት አስኳሉ ቢጫ ስለሆነ ነው። ቢጫ የሚያደርገው ደግሞ ዶሮዋ ውጭ የምትለቅመው ሣርና ቅጠል ነው። የእኔ ቦቫንሶች ሲመጡ አስኳላቸው የነጣ ነበር። የጎመን ቅጠል፣ ከአጥር ሥር የታጨደ ለምለም ሣር፣ ቢጫ በቆሎ ጨመርኩላቸው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አስኳሉ እንደ እርድ ሆነ። ነጭ ማሽላ ብቻ በሰጠኋቸው ጊዜ ደግሞ መልሶ ነጣ። የቀይ በርበሬ ቅሪትም አስኳሉን ወደ ቀይ ይወስደዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቅርፊታቸው ያው ቡናማ ነው።

ቡናማው ይጠነክራል የሚሉም አሉ። የቅርፊት ጥንካሬ በቀለም አይመጣም። በዕድሜና በካልሲየም ነው። ወጣት ዶሮ ጠንካራ ትጥላለች። ያረጀች ዶሮ እንቁላሏ ትልቅ ቅርፊቷ ስስ ይሆናል። ቡናማ ጣይ ከሆነች ቀለሟም ይፈዝዛል፣ ያው ቀለም ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚቀባ። በምግብነቱም በነጭና በቡናማ መካከል ልዩነት የለም።

እህቴ ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው። ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ቀን የተገዙ ቦቫንሶች ተካፍለን ነበር። ከሐረጎ ቁልቁል ሲወረድ አየሩ እንዴት እንደሚለወጥ የምታውቁ ታውቃላችሁ። የእኔዎቹ እዚህ ብርድ ላይ ጠንካራ ቅርፊት ሲጥሉ የእሷዎቹ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ስስ መጣል ጀመሩ፤ ካርቶን ውስጥ ሳይቀር ይሰነጠቃል። ዶሮ ላብ የላትም። ሲሞቃት አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ስታለከልክ ከደሟ የሚወጣው አየር ለቅርፊቱ ከሚያስፈልገው ነገር ላይ ይቀንሳል። ጥላ ሠራችላቸው፤ ውሃውን በቀን ሦስት ጊዜ መለወጥ ጀመረች። የኖራ ድንጋይ ድቃቂ ደግሞ ወደ 10 ሰዓት ገደማ፣ ማታ ከመስፈራቸው በፊት መስጠት ጀመረች፤ ቅርፊቱ በአብዛኛው የሚሠራው ሌሊት ስለሆነ። ተሻለ። ቀለሙ ግን ያው ቡናማ ነው፤ ኮምቦልቻ ስለሆነ ነጭ አልሆነም።

አንድ ነገር ግን በቁም ነገር ያዙልኝ። ቡናማ የምትጥል ዶሮ ገና ሳታረጅ በድንገት ነጣ ያለ መጣል ከጀመረች አንድ ነገር አለ። እኔ ጋ መጀመሪያ የሆነው በሽለምጥማጥ ነው። አንድ ሌሊት የዶሮ ቤቱን ሽቦ ሊበጥስ ሲታገል አደረ። አልገባም፤ ግን ዶሮዎቹ ደንግጠው አደሩ። በማግስቱና በሚቀጥሉት ቀናት ቦቫንሶቹ ኖራ የተነሰነሰበት የመሰለ የነጣ እንቁላል ጣሉ። የደነገጠች ዶሮ እንቁላሉን ይዛ ትቆያለች። ሲቆይ ቀለሙ ላይ ሌላ ኖራ ይደረብበታል። ሽቦውን አጠበቅን፣ ከሳምንት በኋላ ተመለሱ።

ሁለተኛው ጊዜ ግን ከበድ ያለ ነበር። ክረምት ላይ አንዷ ቦቫንስ የነጣና የተጨማደደ ቅርፊት ጣለች። በ2 ቀኑ ማስነጠስ ጀመረች። በአካባቢው ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ገብቶ ነበር። እሷን አጣን፤ የቀሩት ክትባት ስለወሰዱ ተረፉ። እሷ ዘግይታ ስለመጣች ሳላስከትባት ቀርቼ ነበር። የፈንግል ክትባት ቢሾፍቱ ይመረታል፣ በየእንስሳት ጤና ጣቢያው ይገኛል። አዲስ ዶሮ ስታስገቡ ለብቻዋ አቆይታችሁ አስከትቡ። ሌላው የነጣ እንቁላል ምክንያት መድኃኒት ነው። ኮክሲዲያ ለሚባለው የዶሮ አንጀት በሽታ የሚሰጥ ኒካርባዚን የሚባል መድኃኒት አለ፤ የሥጋ ጫጩቶች መድኃኒት ነው፤ በስህተት ለጣይ ዶሮ ከተሰጠ ቡናማውን ነጭ ያደርገዋል። እንዲህ ካጋጠማችሁ መድኃኒቱ ያለበትን መኖ አቁሙ፣ እንቁላሉንም አትሽጡ፣ ሐኪም ጠይቁ። ነጭ የምትጥል ዶሮ ይህን ምልክት አታሳያችሁም። ቡናማ ጣይ መያዝ በዚህ በኩል ጥቅም አለው ብዬ አምናለሁ።

እማማ ለዳግም ትንሣኤ ተመልሰው መጡ። በዚህ ጊዜ ቡና ላይ ስለነበርን ጊዜ ነበራቸው። ሁለት እንቁላል አመጣሁና ነጭ ሳህን ላይ ሰበርኩላቸው፣ አንዱ የቦቫንስ ቡናማ፣ ሌላው ከሱቅ የተገዛ ነጭ። የቡናማው አስኳል ደማቅ ነው። የሱቁ ፈዝዟል። ሳህኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። «ይሄ ቡናማው ነው ያልሽኝ?» አሉ። ቅርፊቱን አሳየኋቸው። ውስጡን በጣታቸው ዳበሱት። «ነጭ ነው ለካ!»

ከዚያ ወደ ጓሮ ወስጄ ሌግሆርኖቹን አሳየኋቸው። ለፋሲካ የወሰዱት የእነዚህ መሆኑንም ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «አብሽሪ፣ ጣዕሙ ጥሩ ነበር» አሉኝ። ከሰፌዱ ላይ መምረጥ ሲጀምሩ ግን አሁንም ትናንሾቹን ነው የለቀሙት። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ዶሮ ወጥ ነዋ የምሠራበት። ትልቁ እንቁላል ድስቱን ይሞላብኛል፤ ለቤተሰቡም አይዳረስም» አሉ። ልክ ናቸው። ከወሰራዋ 4፣ ከቀይዋ 3፣ ከኩታበሯ ደግሞ ቡናማዎቹን 5 ቆጠርኩላቸውና በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ።